ቀረፋ የሌለበት የቀረፋ ሽታ

በቴፒ ከተማ እኔ ያልከፈትኩት ሬዲዮ ካለ፣ ባለቤቱ የደበቀው ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እውነት ሲናገሩት ጉራ ቢመስል ጥፋቱ የእውነቱ እንጂ የተናጋሪው አይደለም። ትምህርት ቤት የገባሁት አጥሩን ልጠግን ነው። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ጋዜጣው ሁልጊዜ ተቀዶ ስለሚመጣ የብዙ ወሬ መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሆኖም ሬዲዮ በሉት፣ ጄኔሬተር በሉት፣ የእጅ ሰዓት በሉት፣ የቡና መፈልፈያ በሉት፣ እጄ ገብቶ ሳይሠራ የወጣ የለም። አንዴ የአንድ ጸሎት ቤት ድምፅ ማጉያ ጠግኜ፣ በመዝሙሩ መሃል የውጭ ዜና ያሰማል ብለው ወቀሱኝ። እኔ እንዲናገር አድርግ ነው የተባልኩት፤ ምን እንዲናገር አልተነገረኝም።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሬዲዮ ሳይሆን ስለ አንድ ጠርሙስ ነው። በግቢያችን ከጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየችው መምህርት ራሔል ናት። የጌጫ ልጅ ናት፤ እዚሁ ቴፒ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ቡና ሲቀርብላት እንኳ ከመጠጣቷ በፊት የምታሸት ልጅ ናት። አንድ ቀን ወደ ጥገና ቤቴ ብቅ አለችና፣

"ጋሼ፣ አንድ ሳጥን ይሠሩልኛል?" አለችኝ።

"የምን ሳጥን?"

"ውስጡ ሰማያዊ መብራት ያለው። መብራቱ ጠርሙሱን ዙሪያውን እኩል እንዲመታው ነው የምፈልገው።"

"ምን አጥፍቶ?"

ሳቀች። ከዚያ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ታስረዳኝ ጀመር። እኔም እንዳወቀ ሰው አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት፤ አንገት መነቅነቅ የእውቀት ግማሽ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው፣ ኬሚስቶች ከአልኮል ወገን የሚቆጥሩት ነገር ነው። የሚጠጣ አይደለም፤ ሽታውም ከሩቅ እንደሚመጣ የአበባ ሽታ ደካማ ነው። ታዲያ ከዚህ ነገር ላይ ሁለት የሃይድሮጅን ቅንጣት ሲነሳለት ሌላ ነገር ይሆናል፤ አልዲሃይድ ይሉታል። ቀረፋን ቀረፋ ቀረፋ የሚያሸተውም እሱ ራሱ ነው።

"ልጄ፣ ለቀረፋ ሽታ ይህን ያህል ምን አደከመሽ?" አልኳት። "ቴፒ ተቀምጦ ቀረፋ መሥራት፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ መፈብረክ ነው።"

"ቀረፋው ምሳሌ ነው፣ ጋሼ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ብዙ ጊዜ በመርዛም ኬሚካል ነው፤ ጥራጊው ደግሞ ውሃ ይበክላል። እኔ በብርሃንና በአየር ልሠራው ነው የማስበው።"

"በብርሃን ብቻ?"

"በብርሃንና በዚህች።"

ከቦርሳዋ ቢጫ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ አወጣች። ከምን የተሠራች ትመስላችኋለች? ከዩሪያ። ገበሬ በቆሎ ላይ ከሚበትነው ከዚያው ከዩሪያ። ክዳን ባለው የሸክላ ኩባያ አድርጋ በኃይለኛ ምድጃ ስታበስለው ነጩ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ዱቄቷ ከፈሳሹ ጋር ትገባለች እንጂ አትሟሟም፤ ትሠራለች እንጂ አታልቅም። ብርሃን ሲነካት ትነቃና ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ትተኛለች። ካታሊስት ነው ስሟ። መብራት ሲመጣ የሚነቃ፣ ሲሄድ የሚተኛ ሠራተኛ በየቢሮው ስለማውቅ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

"ከባዱ ሥራውን ማስኬድ አይደለም" አለችኝ። "ማስቆሙ ነው። አልዲሃይዱ ላይ ካልቆመልኝ አልፎ አሲድ ይሆናል። ያኔ ሽታውም የለም፣ ድካሜም የለም።"

እኔ በሆዴ፣ ሥራ ማስቆም ማንን ያቅታል ብዬ ነበር።

ሳጥኑን ሠራሁላት። እንዲህ ያለ ሳጥን ከዚህ በፊት አልተሠራም፤ ከተሠራም የሠራው ሰው ዝም ብሏል። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ውስጡን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ለበድኩት፤ ሰማያዊ አምፖሎቹን ዙሪያውን ደረደርኩ። ፈሳሹን የሚያማስለው ደግሞ ከአሮጌ ቴፕ ላይ የነቀልኩት ሞተር ነው፤ ከስፒከር የወጣ ማግኔት ተገጥሞለት ከታች ሲዞር፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ብረት አብራ ትዞራለች። ኃይሉ ከመኪና ባትሪ ነው፤ በቴፒ መብራት እንደ እንግዳ ነውና፣ ሲመጣ እናመሰግናለን፣ ሲሄድ ለምን ሄድክ አንለውም።

ራሔል ሳጥኑን ደጋግማ ዞረችው። እኔ አድናቆት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ነገሩ ቀልድ ያልነበረው ለእሷ ነው። ሥራዋን የሚገመግም ኮሚቴ ሚዛን ከተማ ላይ ቀጠሮ ይዞላት ነበር። ጥሩ ናሙና ይዛ ከቀረበች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሙከራ የምትሠራባት ትንሽ ክፍል ትቆይላታለች፤ ባዶ እጇን ከሄደች ግን ክፍሏ የወንበር ማከማቻ ሊሆን ተወስኗል። "ጋሼ፣ በወንበር ልሸነፍ ነው" አለችኝ አንድ ቀን፤ አልሳቀችም።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ጠርሙሱን ሳጥኔ ውስጥ አስገባችና መብራቱን አበራች። እሷ ቀኑን ሙሉ የምታስተምረው ነበራት።

"ጋሼ፣ ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር መብራቱን ያጥፉና ጠርሙሱን በዚህ ጥቁር ጨርቅ ይጠቅልሉት። ሌላ ምንም አይንኩ።"

ጄኔሬተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ጨርቅ ጠቅልል ስባል ትንሽ ከበደኝ። ግን እሺ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የከተማው መብራት ሄደ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ባትሪ አለኝ። ችግሩ ባትሪ እንዳለኝ ሰፈሩ ሁሉ ማወቁ ነው። ማን ነገራቸው? እኔ። "ይህ ባትሪ ከሸኮ እስከ ቴፒ ያበራል" ብዬ በየሰርጉና በየለቅሶው ተናግሬአለሁ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል። የዚያን ቀንም መጡ። አንዱ ስልክ ሲሰካ ባትሪው ምንም አላለ፤ ሌላው ሲሰካ ምንም አላለ፤ እንቢ ማለት ደግሞ ባትሪው አይችልም ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ከእኔ አፍ የሚሰማ የለም። ስልኮቹ እንደ ጥጃ ተሰልፈው ሲጠቡ ቆይተው፣ ቀና ብዬ ሳጥኑን ባየው ሰማያዊው መብራት ፈዝዞ የሌሊት ወፍ ዓይን መስሏል። ወዲያውም ጠፋ።

ባለቤቴ አስቴር ከደጃፉ ላይ ሽንኩርት እየላጠች፣

"ጨርቁን ጠቅልልና ተቀመጥ" አለችኝ።

"ገና ጠዋት ነው፤ ሥራው መሃል ላይ ነው።"

"ታዲያ ስትመጣ ባትሪው አለቀ በላት።"

እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጠው ክብር የሌለው ሰው ነው። እኔ አሰብኩ። ዱቄቷ የምትፈልገው ብርሃን ነው። የብርሃን ሁሉ እናት ደግሞ ፀሐይ ናት። አምፖል ማለት ድሃ የሆነ ፀሐይ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ ነው ያወጣሁት። ጠርሙሱን አነሳሁና ወጣሁ።

የእኔ ግቢ በአቮካዶና በማንጎ ተሸፍኗል። ስለዚህ አጥር ተሻግሬ ማቴዎስ ዘንድ ሄድኩ። ማቴዎስ ቡና አምራች ጎረቤቴ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቡና የሚሰጣባቸው፣ እግር ያላቸው የሽቦ አልጋዎች ተደርድረዋል። እሱ አንዱ አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ ብልሹውን ፍሬ ይለቅም ነበር።

"ማቴዎስ፣ ከአልጋው ጥግ ትንሽ ቦታ ልቀቅልኝ።"

"ምን ልታሰጣ?"

"ሳይንስ።"

"ስንት ኩንታል ነው?"

መልስ አልሰጠሁትም። ቡናውን በክንዴ ገፋ አድርጌ ጠርሙሱን አቆምኩ። ግን የቴፒ ፀሐይ እንደ ሀብታም ዘመድ ናት፤ ብቅ ትልና ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ደመናው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ጠርሙሱን ከአልጋ አልጋ እያዛወርኩ ፀሐይቱን ስከተል ማቴዎስ ቆሞ አየኝና፣ "አንተ ሊቅ፣ ከሁለታችሁ የሚያሳድደው የቱ ነው?" አለኝ።

ያኔ ነው መስተዋት ያሰብኩት። ፀሐይ ትንሽ ብቅ ስትል ትንሿን ብዙ ማድረግ። ከጸጉር አስተካካዩ ከዳዊት ትልቁን መስተዋት ተዋስኩ፤ ዳዊትም መስተዋቱን ብቻውን አልክም ብሎ፣ ግማሽ ጎኑ የተላጨ ደንበኛውን አስከትሎ መጣ። አንድ ባለ ባጃጅ የጎን መስተዋቱን ነቅሎ አመጣ። ማቴዎስ ራሱ ሚስማር ያልነካው አዲስ ቆርቆሮ ከመጋዘኑ አወጣ፤ ስልካቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰዎችም የእጅ መስተዋታቸውን ይዘው ቆሙ። ሁሉም ወደ አንዲት ጠርሙስ አነጣጠረ። እኔ መሃል ቆሜ፣ "ዳዊት፣ ትንሽ ወደ ግራ። ባጃጅ፣ ዝቅ" እያልኩ ጠርሙሷን በጨርቅ ይዤ እነቀንቃታለሁ። የዳዊት ደንበኛ አልፎ አልፎ ፊቱን በመስተዋቱ ለማየት ዞር ሲል ብርሃኑን ያበላሽብን ነበር።

መጀመሪያ ያሸተተችው አስቴር ናት። በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣

"ማን ነው ሻይ ያፈላው?" አለች።

ማንም ሻይ አላፈላም። ሽታው ከጠርሙሷ ነው የሚወጣው። የቀረፋ ሽታ፣ ንጹህ፣ ቀረፋ በሌለበት። አንዲት አሮጊት አማተቡ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ ሁለቱም እጄ ስለተያዘ ኮቴን ማስተካከል አለመቻሌ ቆጨኝ።

ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ አሁን በሆዱ፣ ጨርቁን አልብሰው እያለኝ ነው። አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት አልብሼው ቢሆን ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። እጄም ወደ ጨርቁ ሄዶ ነበር። ግን ማቴዎስ ቡና አምራች ነው። ቡና አምራች ከሕፃንነቱ የሚማረው አንድ ሕግ አለ፤ ከአልጋ ላይ ግማሽ ደርቆ የወረደ ነገር ይሻግታል።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለኝ።

"ላወርደው።"

"አሁን? እንዲህ ረጥቦ?"

"ሽታው መጣ እኮ።"

"ሽታ መምጣትማ መጀመሪያው ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አውርደህ ልጅቱን ሚዛን ድረስ ልታዋርዳት? የተጀመረ ነገር ይጨረሳል።"

መስተዋት የያዘው ሁሉ፣ ባለ ባጃጁ ሳይቀር፣ "እውነቱን ነው፣ ይጨረስ" አለ። ይህ የቡና አገር ነው፤ ያልደረቀ ነገር ከአልጋ ሲወርድ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። እኔም አሰብኩ፤ ይህን ያህል ከሸተተ፣ ሲጨረስ እስከ ሚዛን ይሸታል። መስተዋቶቹን አጠጋጋሁ።

እንደ ቀልድ ፀሐይ ጠንክራ ወጣች፤ በዚያ ቀን እንደዚያ ቆማ አታውቅም። ፈሳሹ እየጎደለ ሄደ። ሽታው እየደከመ፣ እየደከመ፣ መጨረሻ ላይ አፍንጫዬን ጠርሙሱ አፍ ላይ ደቅኜ የማገኘው የራሴን እስትንፋስ ሆነ። ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ጥቂት ስንቆይ ከታች መርፌ መርፌ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋገረ። ማቴዎስ ጎንበስ ብሎ አየና በደስታ፣

"ደረቀ" አለ።

መስተዋቶቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሰው ድል ሲሆን አብሮህ ይቆማል፤ ነጭ ነገር ሲጋገር ሥራ ይበዛበታል። ማቴዎስ ግን አልሸሸም። ቤቱ ገብቶ አንድ እጅ ሙሉ የቀረፋ ልጣጭ ይዞ ወጣ፤ ከጓሮው ዛፍ የተላጠ ነው።

"ይህን ጣል አድርግበትና ዝም በል" አለኝ በሹክሹክታ። "ቀረፋ ሸተተ አይደል የሚባለው? ይሸታል። ማን ያውቃል?"

እንዲህ ያለ ፈተና ሲመጣ ሰው ስለ ሕሊና ያወራል። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሕሊናዬ ገና ከመምጣቱ በፊት ኩራቴ ደረሰ።

"ማቴዎስ፣ ያ ሽታ የወጣው ከእኔ እጅ ነው። አሁን ይህን ብከትበት ምስጋናው የዛፉ ሊሆን ነው። ከዛፍ ጋር አልወዳደርም።"

ልጣጩን መለስኩለት። እሱም ሻይው ውስጥ ከተተው።

ራሔል ወደ ማታ ግድም መጣች። ገና ከበሩ ነው የጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ጠርሙሱስ?"

"አለ።"

"ሳጥኑ ውስጥ?"

"አልጋ ላይ።"

"የማን አልጋ?"

"የማቴዎስ።"

ቀጥላ አልጠየቀችም፤ አጥሩን ዞራ ሮጠች። ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አንስታ አየች፤ አሸተተች። ከቦርሳዋ ፈሳሹ ምን እንደሆነ የምትለይበት አንድ ስስ ሰሌዳ አውጥታ ጠብታ አስነካችበትና፣ ጠብታው ሰሌዳውን እየወጣ ሲሄድ ጠብቃ ሐምራዊ ብርሃን ባላት ትንሽ የእጅ ባትሪ አበራችበት።

"አልፏል" አለች። "አሲድ ሆኗል።"

"ሽታው መጥቶ ነበር እኮ" አልኳት። "ሰፈሩ ይመስክር። ግን ግማሽ መንገድ ላይ እንዳይቀርብሽ ብለን..."

"ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው እኮ ግማሽ መንገዱን ነው።"

ይህን ብላ በአልጋው ጠርዝ ላይ ቡናው መሃል ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። አንድ ፍሬ ቡና አንስታ በጣቶቿ መሃል ታዞረው ጀመር። "ነገ ምን ይዤ ልሂድ?" አለች፤ የጠየቀችው እኔን አይመስለኝም። ማቴዎስ የአልጋውን ሽቦ እየነካካ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። አስቴር በአጥሩ ላይ ሆና እኔን አየችኝ፤ ቃል አልተነፈሰችም፤ ያ ደግሞ በትዳራችን ብዙ ጊዜ አልሆነም።

"ፈሳሹ አልቋል?" አልኳት ለራሔል።

"ትንሽ አለኝ።"

"ባትሪውን ግን ስልክ ጠጥቶታል።"

ትንሽ አሰበችና፣ "በፀሐይ ስንት ጊዜ ወሰደ፣ ሽታው እስኪመጣ?" አለችኝ።

"ከመብራቱ ፈጠነ።"

ተነሳች። "እንግዲያው ጠዋት በፀሐይ እንሞክረዋለን። መስተዋት የለም። እኔ በየጊዜው ሰሌዳውን አያለሁ፤ እርስዎ ጨርቁን ይዘው ይቆማሉ። በቃ ስል ይሸፍናሉ።"

"እሺ።"

"በቃ ስል ነው፣ ጋሼ።"

በማግስቱ ጠዋት ጉም ነበር። ጠርሙሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ጨርቁን እንደ ዳቦ ጨርቅ ዘርግቼ፣ ራሔል ሰሌዳዎቿን ይዛ፣ ማቴዎስ በርጩማ ላይ። ሁላችንም ወደ ላይ እያየን። ወደ ሚዛን የሚሄደው ሚኒባስ ጥሩምባ ከመናኸሪያው ይሰማል። ጉሙ በስንት ልመና ተነሳና ፀሐይ ወጣች። ራሔል ጠብታ ትወስዳለች፣ ታያለች፣ ገና ነው ብላ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ደግማ ትወስዳለች። ሽታው ብቅ አለ፤ ቀስ ብሎ እየጠነከረ መጣ። ትናንት ከሸተተው ገና ያንሳል።

"በቃ" አለች።

"ገና እኮ ነው" አለ ማቴዎስ ከበርጩማው ላይ። "እርጥብ ነው።"

እውነት ለመናገር እኔም ገና ነው ብዬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ብሎን የማጠብቀው መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ጨምሬ ነው፤ ስንት ብሎን በዚያች አንድ ዙር እንደተቆረጠብኝ እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። እጄ ጨርቁን ይዞ አየር ላይ ቆመ። ራሔል ፊቷን ከሰሌዳው ላይ አንስታ አየችኝ።

ሸፈንኩት።

እሷ ጥላ ስር ወስዳ ቢጫዋን ዱቄት በወረቀት አጥልላ ለየቻት፤ ፈሳሹን በትንሽ ብልቃጥ ዘጋችበት። የመጨረሻውን ሰሌዳ ስታይ ትከሻዋ ወረደ፤ ያ ትከሻ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጆሮዋ ስር ነበር።

ሚዛን አብሬያት ሄድኩ፤ ሳጥኑን የሠራው ሰው ሳጥኑን ያሳይ ተብሎ። በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጀሁ። ከመጀመሪያው ሬዲዮዬ ይጀምርና በጄኔሬተሩ በኩል አልፎ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ድንቅ ንግግር ነበር፤ ሚዛን ስንገባ ገና ጄኔሬተሩ ጋ ነበርኩ።

ኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ራሔል ሥራዋን አቀረበች፤ ብልቃጧ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፣ አፍንጫ ሁሉ ጎነበሰ። መሃል ላይ የተቀመጡት ሸበቶ ሰው ሰሌዳዎቹን እያገላበጡ አይተው፣

"መልካም ነው" አሉ። "ግን በፀሐይ ነው የሠራነው ብለሻል። የፀሐይ ብርሃን ይለዋወጣል። እንዴት አልዲሃይዱ ላይ አቆማችሁት?"

"ጨርቁን የያዙት ጋሼ ናቸው" አለች ራሔል። "እሳቸው ይንገሯችሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። ኮቴን አስተካከልኩ። እንዲህ ያለ ጉባኤ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ፣ ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ነው። የመጀመሪያዋ ሬዲዮ ምላሴ ላይ ደርሳለች። ራሔልን አየኋት፤ ልክ ጠዋት አልጋው ጋ እንዳየችኝ ታየኛለች።

"እሷ በቃ ስትል ሸፈንኩ" አልኩ።

ሸበቶው ሰው ቀጣዩን ይጠብቁ ነበር። እኔም እጠብቅ ነበር። ቀጣይ የለም፤ ተቀመጥኩ። እሳቸው ጎናቸው ወዳሉት ሰው ዞረው፣ "ለወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው" አሉ። ራሔል ከጠረጴዛው ስር የኮቴን እጅጌ ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ያ ንግግር ግን ተዘጋጅቶ የቀረ ንግግር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደረት ውስጥ አይቀመጥም። ስንመለስ ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያው ሲወጣ ለሹፌሩ ጀመርኩለት፤ ከሬዲዮው። ራሔል ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ጄኔሬተሩ ጋ ስደርስ ከኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ መስተዋቶቹን ገና መደርደር ስጀምር፣ አንዲት ሴትዮ "ወራጅ" አለች። ጓዟን ስታወርድ ለረዳቱ፣ ወደ ቴፒ የሚሄደውን ቀጣዩን መኪና እጠብቃለሁ ስትለው ሰማኋት። ሙቀቱ ይሆናል።